አጀንዳ አንድ፦ አጀንዳውን ማጽደቅ

ስብሰባው ባለፈው ጥቅምት አሥራ አንድ ዓመት ደፈነ። አሁንም የመጀመሪያው አጀንዳ ላይ ነን። የመጀመሪያው አጀንዳ "አጀንዳውን ማጽደቅ" የሚል ነው።

ማንያዘዋል እባላለሁ። በአዋሽ ማዶ ከተማ የመዛግብትና ምላሽ ባለሥልጣን ዐቃቤ ሕግ ነኝ። ዜጎች የመንግሥት ሰነድ ሲጠይቁ የማይሰጥበትን ምክንያት እጽፋለሁ፤ ሲከሱን ደግሞ ፍርድ ቤት ቀርቤ ምክንያቱ በእርግጥም ምክንያት መሆኑን አስረዳለሁ። እናቴ ለጎረቤት "ልጄ የሕግ ሰው ነው" ትላለች። ከዚያ በላይ እንዳትዘረዝር ለምኛታለሁ።

አዋጁ የመረጃ ጥያቄ በሠላሳ ቀን ውስጥ ይመለሳል ይላል። ቀጥሎ ደግሞ አንቀጽ አሥራ ዘጠኝ ላይ "የሚመለከተው ኃላፊ ስብሰባ ላይ የሚቆይበት ጊዜ አይቆጠርም" ይላል። አንቀጹን ያረቀቁት ሰዎች ቢሮ ሠርተው የሚያውቁ አይመስለኝም። የእኛ መሥሪያ ቤት በጥቅምት 2070 ዓ.ም. ስብሰባ ተቀመጠ፤ ከዚያ ወዲህ አልተነሳም። ምክር ቤቱ ሁለት ዓመት ቆይቶ ነቃና ማንኛውም ስብሰባ ከሦስት ሰዓት እንዳይበልጥ ደነገገ፤ ግን ሕግ ወደ ኋላ አይሠራም። የእኛው ስብሰባ ከድንጋጌው በፊት የተጀመረ ስለሆነ ማንም አይነካውም። በአገሪቱ የቀረ ብቸኛው የድሮ ስብሰባ ነው፤ እኛም እንደ ቅርስ እንጠብቀዋለን።

የሚካሄደው ዘጠነኛ ፎቅ ላይ፣ ስምንት ወንበር ባለው አዳራሽ ውስጥ ነው። ወንበሮቹ የተቀመጠባቸውን ሰው ያውቃሉ። ከስምንቱ በአንዱ ላይ ሠራተኛ እስካለ ድረስ ግድግዳው ላይ አረንጓዴ መብራት ይበራል፤ ስምንቱም ባዶ ከሆኑ ስብሰባው አበቃ። ስለዚህ በፈረቃ እንቀመጣለን፤ ሁለት ሁለት ሰዓት፤ ሌሊቱን ጥበቃዎቹ ይሸፍኑታል። ወንበር የምንቀባበለው ተራ በተራ ነው፤ ስምንታችን አንድ ላይ ተነስተን አናውቅም። የሰው ሀብቷ ይርገዱ በዚህ ስብሰባ ላይ ለሦስት ልጆቿ ሹራብ ሠርታ ጨርሳለች። ሁለት ሰዎች ጡረታ ወጥተውበታል። በወንበር ሁለትና በወንበር ስድስት መካከል አንድ ፍቅር ተጀምሮ፣ ታጭቶ፣ ፈርሷል።

መቅጃው እያንዳንዷን ቃል ይይዛል። "ዛሬ ምን ቀን ነው?" ያለ ሰው ቃለ ጉባኤ ውስጥ ይገባል፤ "ሐሙስ" ብሎ የመለሰለትም እንዲሁ። ሁለት ሚሊዮን ገጽ አልፏል። በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ የሚያነበው እኔ ብቻ ነኝ። አንድ ቀን ከሳሽ ገጽ ጠቅሶ ቢመጣብኝ እንዳልዋረድ ብዬ የጀመርኩት ነው፤ አሁን ሱስ ሆኖብኛል። በተለይ የሹራቡን ታሪክ በጉጉት ነበር የተከታተልኩት።

ሰብሳቢያችን ዳይሬክተሩ አቶ ልሳነወርቅ ናቸው። ከወንበር አንድ ለማንም አይነሱም። ሚኒስትሩ የመጡ ጊዜ እንኳ ከወገባቸው በላይ ብቻ ነው የተነሱት።

የቀረው ሥራዬ ስልክ መደወል ነው። ጠያቂው ከሞተ ጥያቄው ይዘጋል፤ እኛ "በተፈጥሮ የተዘጋ" እንለዋለን፤ የዓመቱ ዕቅዳችንም በአብዛኛው የሚሳካው በዚህ ነው። ስለዚህ በየሦስት ወሩ ለእያንዳንዱ ጠያቂ ደውዬ አጣራለሁ። ሦስት ጊዜ ደውዬ ካልተነሳ ፋይሉን እዘጋለሁ። ሰዎች በመጀመሪያው ጊዜ ይሳደባሉ፣ በሁለተኛው ያለቅሳሉ፣ ከዚያ ይለምዱታል። ከልምድ የተረፉት አንዲት ሴት ብቻ ናቸው።

"ጤና ይስጥልኝ፤ ከመዛግብትና ምላሽ ባለሥልጣን ነው። ስለ ጥያቄ ቁጥር 8812 ነበር። በሕይወት አሉ?"

"አለሁ። አንተስ?"

"አለሁ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።"

"ስብሰባው?"

"እሱም አለ።"

"አቦ፣ እናንተ ሰዎች ሙድ ትይዛላችሁ!" ይሉና ይስቃሉ።

እማማ ፌቨን ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው። የእሳቸው ዘመን አሮጊቶች ፌቨን፣ ቤቲ፣ ሊዲያ ነው የሚባሉት። የእኛ ወላጆች ከዚህ ኋላቀር ስም እንላቀቅ ብለው ማንያዘዋልና ይርገዱ አሉን። አማርኛቸውም ጥንታዊ ነው፤ "አቦ" እና "ላሽ" የሚሉት ቃላት አፋቸው ላይ ሲመጡ ቤተ መዘክር የገባሁ ይመስለኛል።

ጥያቄያቸው አንድ ቁጥር ነው። ባለቤታቸው ናትናኤል፣ እሳቸው ናቲ የሚሉት፣ በ2068 ሞቶ በድሮው መካነ መቃብር ተቀበረ። በ2074 ስምንተኛው ቀለበት መንገድ በዚያ በኩል ሲያልፍ አጽሞቹ ሁሉ ወደ አዲሱ የአጽም ማረፊያ ሕንፃ ተዛወሩ። አሥራ ሁለት ፎቅ፣ ስልሳ ሺህ ሳጥን፤ ለሟቾች ግላዊነት ሲባል ስም የለም፣ ቁጥር ብቻ። እማማ ፌቨን የናቲን ቁጥር ጠየቁ። ሰባት ዓመት ሆናቸው።

"አርባ አንድ ዓመት አብረን ስንኖር አንድ ቀን የት እንዳለ ነግሮኝ አያውቅም" ብለውኛል አንዴ። "ሞቶም አድራሻውን ደበቀኝ። ከጎኑ ልተኛና ልጨቃጨቀው እፈልጋለሁ፤ ሌላ ምንም አልፈልግም።"

ሰነዱ መሳቢያዬ ውስጥ ነው። የገጽ ብዛት፦ አንድ። የምስጢር ደረጃ፦ የለውም። መልሱን በደብዳቤ አድርጌ ካዘጋጀሁት ሰባት ዓመት ሆነው፤ የቀረው የደብዳቤ ቁጥርና ፊርማ ነው። ስብሰባው እስካለ ድረስ ግን የመዝገብ ቤቱ ማሽን ቁጥር አይሰጥም። ለምን በስልክ ሹክ አላልካቸውም የሚለኝ ይኖራል። ስልኩ ይቀዳል፤ ደረጃው ይቀዳል፤ ሽንት ቤቱም ይቀዳል። ከእኔ በፊት የነበረው ዐቃቤ ሕግ ለአንድ ሽማግሌ በቃል መልስ ሰጥቶ "ቁጥር የሌለው መረጃ በማውጣት" ፈቃዱን ተነጠቀ። እኔም ፈራሁ። ፍርሃቴን ለሰባት ዓመት "አሠራር" እያልኩ ጠራሁት።

በየካቲት ስደውል ድምፃቸው ሳስቶ ነበር።

"በሕይወት አሉ?"

"አለሁ። ግን የጤና ጣቢያው ማሽን ቀን ቆረጠልኝ። ሰኔ አሥራ አራት።"

ቅጹን አገላበጥኩ። ቅጹ ላይ ለዚህ የሚሆን ቦታ የለም።

"ልጄ፣ ስብሰባው ከሰኔ በፊት ያልቃል?"

"አጀንዳው ሲጸድቅ ያልቃል፣ እማማ።"

"እሱን አጥታችሁ ነው እንዴ አሥራ አንድ ዓመት! እኔው መጥቼ ላጽድቅላችሁ?"

"መምጣት ይቻላል" አልኩ። ለምን እንዳልኩት እስካሁን አላውቅም። "ስብሰባው በሕግ ለሕዝብ ክፍት ነው። ማንኛውም ዜጋ ቆሞ መከታተል ይችላል። እስካሁን የመጣ ግን የለም።"

"ቆሞ?"

"ለሕዝብ ወንበር አልተያዘም።"

የዚያኑ ቀን አቶ ልሳነወርቅ ጠሩኝ። የጤና ጣቢያው ማሽን ከእኛ ማሽን ጋር ይነጋገራል፤ የእማማ ፌቨን ፋይል ላይ "በቅርቡ የሚዘጋ" የሚል ምልክት በቅሎበታል።

"8812 ለአራተኛው ሩብ ዓመት ዕቅዳችን ገብታለች" አሉኝ ደስ ብሏቸው። "ይህችን ይዘን መቶ በመቶ እንሞላለን።"

"አቶ ልሳነወርቅ፣ ሰነዱ እኮ አንድ ቁጥር ነው።"

"ቁጥሩ ምን ችግር አለው? ችግሩ መመለሱ ነው። ለአንዷ ከመለስክ አርባ አንድ ሺህ ሰው በር ላይ ይቆማል። አንተ ልጅ፣ ልብህ ለስላሳ ነው፤ ልብህ እንጂ ወንበርህ አይለስልስ።" በራሳቸው ቀልድ እስኪያስላቸው ሳቁ።

መጋቢት ዘጠኝ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት። ወንበር ቁጥር አራት ላይ ነበርኩ። ስምንቱም ወንበር ሞልቷል። ይርገዱ አራተኛ ሹራብ ጀምራለች፤ አቶ ልሳነወርቅ አጀንዳው ላይ ሐሳብ ያለው ካለ ብለው ይጠይቃሉ፤ ሐሳብ ያለው የለም። በሩ ተከፈተ።

አሳንሰሩ የሠራተኛ መታወቂያ ካላየ አይንቀሳቀስም። እማማ ፌቨን ዘጠኙን ፎቅ በእግራቸው ነው የወጡት። ከዘራቸው ይንቀጠቀጣል፣ ከንፈራቸው ደርቋል፣ ከትንፋሻቸው ጋር አንድ ሲር የሚል ድምፅ ይወጣል። በሩን ተደግፈው ቆሙ።

ማንም አላሰበም። ቢያስብማ አይሆንም ነበር። ሰባት ሰው በአንዴ ብድግ አለ፣ "ኖር!" አለ። ከሁሉም ቀድሞ የተነሳው ማን እንደሆነ ቢነግሩኝ አላምንም ነበር፤ ለሚኒስትር ያልተነሱት አቶ ልሳነወርቅ፣ እናታቸው እንዳሳደጓቸው፣ ከነቦርጫቸው ተነስተው ቆመዋል። የይርገዱ ክር ኳስ ወለሉ ላይ ይንከባለላል።

የቀረሁት እኔ ነበርኩ። የጨዋ ልጅ ስላልሆንኩ አይደለም፤ በሩን ለሦስት ሳምንት ስጠብቀው ስለነበር ነው እንደሌሎቹ ያልደነገጥኩት። አቶ ልሳነወርቅ በቆሙበት የሆነውን ገባቸው። ዐይናቸው ከአረንጓዴው መብራት ወደ እኔ መጣ።

"ማንያዘዋል" አሉ በጥርሳቸው መካከል፣ "እንዳትነሳ!"

እማማ ፌቨን "በእግዜር፣ በእግዜር፣ ቁጭ በሉ ልጆቼ" እያሉ የሚቀመጡበት በዐይናቸው ይፈልጋሉ። ወንበር የለም። ሥራዬን አሰብኩ። የቀድሞውን ዐቃቤ ሕግ አሰብኩ። እንዲህ ሲዘረዝሩት ብዙ ይመስላል እንጂ ጊዜው ለማሰብ የሚበቃ አልነበረም። አንዲት የሰማንያ አራት ዓመት ሴት ፊቴ ቆማለች፣ እኔ ተቀምጫለሁ። አፈርኩ።

"ኖር" ብዬ ተነሳሁ። ክንዳቸውን ይዤ በወንበሬ ላይ አስቀመጥኳቸው። ወንበሩ "ያልታወቀ ሰው" አለ። አረንጓዴው መብራት ጠፋ። ይርገዱ "እሪ!" አለች፣ አቶ ልሳነወርቅ "ተቀመጡ! ሁላችሁም ተቀመጡ!" ብለው ጮሁ፤ ሰዉ ወንበር እየገለበጠ ተቀመጠ። መቅጃው እንደሚለው ከእኔ መነሳት እስከ እነሱ መቀመጥ ዘጠኝ ሰከንድ ነው።

በዚያ ጩኸት መካከል እማማ ፌቨን የሆነ ነገር ሲናገሩ አፋቸውን አየሁ። ቃሉን ግን አልሰማሁትም፤ ማንም አልሰማም።

ግድግዳው ላይ በቀይ መቁጠር ጀመረ፤ 41,306 ጥያቄዎች፣ ሠላሳ ቀን ከዜሮ ሰዓት። ማሽኑ ስብሰባው አብቅቷል ብሎ አምኗል።

አቶ ልሳነወርቅ ወዲያው አላባረሩኝም። ጉዳዩን የሚያውቅ ሌላ ዐቃቤ ሕግ ስላልነበረ ነው። በሦስት ቀን ውስጥ አስቸኳይ ክስ እንዳዘጋጅ አዘዙኝ፤ ስብሰባው እንዳልተቋረጠ ፍርድ ቤት ያውጅልን አሉ፤ እስኪወሰን ማሽኑ ቁጥር እንዳይሰጥም አገዱ።

"ምክንያት ፈልግ" አሉኝ። "ምክንያት መፈለግ አይደል ሥራህ? ይህን ካሸነፍክ ይቅር እልሃለሁ። ካላሸነፍክ ፈቃድህን ራሴ እቀደዋለሁ።"

ቢሮዬ ገባሁና እንደ ልማዴ የዕለቱን ቃለ ጉባኤ አነበብኩ። የዘጠኙን ሰከንድ መስመር ሦስት ጊዜ ደገምኩት። ከዚያ መሳቅ ጀመርኩ፤ ጥበቃው በሩን ከፍቶ አየኝ። ክሱን በአንድ ሰዓት ጽፌ ጨረስኩ።

መከራከሪያዬ ቀላል ነበር። የስብሰባ ደንባችን ስብሰባው ይቀጥላል የሚለው "ሰው ተቀምጦ እስካለ ድረስ" ነው። ሰው ይላል እንጂ ሠራተኛ አይልም፤ ሠራተኛ ያልነው ማሽኑን ስንገዛ እኛው ነን። ወንበር አራት ላይ ከእኔ ቀጥለው ወይዘሮ ፌቨን ተቀምጠዋል። እሳቸው ሳይነሱ ሌሎቹ ተቀምጠዋል። ስለዚህ ስብሰባው አልተቋረጠም፤ ማሽኑ ተሳስቷል።

አቶ ልሳነወርቅ አንብበው ግንባሬን ሳሙኝ። "ይኸውልህ! ልብህ ሲጠነክር እንዲህ ነው።" ግንባሬን በመሐረብ ጠረግሁ። ምንም አልዋሸኋቸውም። ቃለ ጉባኤውን አላነበቡም እንጂ ከክሱ ጋር አባሪ አድርጌዋለሁ፤ አባሪ ሦስት።

ችሎቱን የመሩት ዳኛ ተዋበች ነበሩ፤ ፊታቸው ላይ ትዕግሥት የማይታይ፣ ነገር ግን የቀረበላቸውን ሁሉ የሚያነቡ ዳኛ ናቸው። እማማ ፌቨን በጠያቂነታቸው ተጠርተው ያለ ጠበቃ በተከሳሽ ወንበር ተቀምጠዋል። እኔን ሲያዩ በጣታቸው ጠቆሙኝ። "ይሄ ነው በሕይወት አለሽ ወይ የሚለኝ ልጅ" አሉ ለችሎት አስከባሪዋ፣ ሁሉ እንዲሰማ። "በስልክ ወፍራም ይመስለኝ ነበር።"

መከራከሪያዬን አሰማሁ። ዳኛዋ እስክሪብቶአቸውን አስቀመጡ።

"ስለዚህ እንደ መሥሪያ ቤቱ አባባል፣ በዘጠኙ ሰከንድ ስብሰባው ሕያው ነበር።"

"አዎ፣ ክቡር ፍርድ ቤት።"

"በስብሰባው ላይ የነበሩትም ወይዘሮ ፌቨን ብቻ ናቸው።"

"ሌላ የተቀመጠ ሰው አልነበረም።"

"ሰብሳቢው ከወንበሩ ሲነሳ ማን ይመራል ይላል ደንባችሁ?"

"ከተቀመጡት መካከል በዕድሜ አንጋፋው፣ ክቡር ፍርድ ቤት።"

ከኋላዬ የአቶ ልሳነወርቅ ወንበር ሲንጫጫ ሰማሁ። አልዞርኩም።

"ወይዘሮ ፌቨን ዕድሜያቸው ስንት ነው?"

"ሰማንያ አራት" አሉ እማማ ራሳቸው። "ግን ማንም አይለኝም።"

"አባሪ ሦስት ላይ ቃለ ጉባኤ አያይዛችኋል። ገጽ 2,114,087። ዐቃቤ ሕግ ያንብቡልን።"

"ክቡር ፍርድ ቤት!" አሉ አቶ ልሳነወርቅ ተነስተው። "ቃለ ጉባኤው ለውስጥ አገልግሎት…"

"እናንተው ናችሁ ያቀረባችሁት፤ ይቀመጡ።"

አነበብኩ። "ወንበር አራት፣ ያልታወቀ ሰው፦ ተባረክ ልጄ። እፎይ። ይኸው እኔም ተሰበሰብኩ። በሉ አጀንዳው ጸድቋል፣ ስብሰባው አልቋል። አሁን ወደ ሥራችሁ ላሽ በሉ።"

ችሎቱ ውስጥ አንድ ሰው ሳቀ፤ ከዚያ ሁሉም ሳቀ። ዳኛ ተዋበች ሳይስቁ ጻፉ።

"ወይዘሮ ፌቨን፣ ይህን ብለዋል?"

"ብያለሁ። ለዚህ ልጅ በስልክም ነግሬዋለሁ፤ እኔው መጥቼ አጸድቅላችኋለሁ ብዬ። አቦ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ሰው ጠፍቶ!"

ውሳኔው አራት መስመር ነው። ደንቡ ሠራተኛ የሚል ከሆነ ስብሰባው ተቋርጧል፤ ሰው የሚል ከሆነ በሕጋዊ ሰብሳቢው ተዘግቷል። በሁለቱም መንገድ አልቋል። የሠላሳው ቀን ቆጠራ ይቀጥላል።

ኮሪደሩ ላይ አቶ ልሳነወርቅ ደረሱብኝ። ፊታቸው እንደ በርበሬ ቀልቷል። "ሠላሳ ቀን አለን" አሉ እያለከለኩ። "ቢያንስ ሠላሳውን ቀን እንጠቀምበት። ለማንም እንዳትመልስ!"

"ለእኔ አንድ ደቂቃ ይበቃኛል" አልኳቸው። ሰባት ዓመት መሳቢያዬ ውስጥ የኖረው ደብዳቤ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ከመዝገብ ቤቱ ማሽን በስልኬ ቁጥር ጠየቅሁ፤ ማሽኑ ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ የመጀመሪያውን ቁጥር ሰጠኝ። 001። ግድግዳውን ተደግፌ ፈረምኩ፣ ቲተሬን መታሁ፣ ለእማማ ፌቨን ሰጠኋቸው።

መነጽራቸውን አውጥተው አዩት። "3306" አሉ። ወረቀቱን አጥፈው ደረታቸው ውስጥ ከተቱት። ከዚያ "ና፣ ውሰደኝ" አሉኝ።

የአጽም ማረፊያው አንደኛ ፎቅ ላይ መብራቱ ሰው ሲያይ ነው የሚበራው። በረድፉ መካከል ስንሄድ እየተከተለን በራ። 3306 የጫማ ካርቶን የሚያህል ግራጫ በር ነው። እማማ ፌቨን ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ በከዘራቸው እጀታ ሦስት ጊዜ አንኳኩ።

"ናቲ፣ በሕይወት አለህ?"

ጆሯቸውን በሩ ላይ አደረጉ።

ወደ እኔ ዞሩ። "አየህ፣ አንተ ስትደውል እንዲህ ነበር የሚሰማኝ። በር ተዘግቶብኝ ውስጥ ሆኜ ሰው ሲያንኳኳ። ብቻ እኔ መልስ እሰጥ ነበር።"

ይቅርታ ልጠይቃቸው ፈለግሁ። ሰባት ዓመት፣ በዓመት አራት ጊዜ፣ ሃያ ስምንት ጥሪ። "ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እማማ" አልኩ። በሌላ ቃል ላሳምረው አልቻልኩም።

"ወንበርህን ሰጥተኸኛል" አሉኝ። "ይቺኛዋስ የማን ናት?"

ከ3306 ሥር ያለችው 3326 ባዶ ነበረች። ቦታ የሚያዘው ለእኛ ባለሥልጣን በሚቀርብ ጥያቄ ነው፤ ምላሽ በሠላሳ ቀን ውስጥ። ጥያቄውን በእጄ ጻፍኩ፣ እሳቸው ፈረሙ፣ እኔ ተቀበልኩ፣ እኔው መለስኩ። ቁጥር 002። የናቲን በር እንደ ጠረጴዛ ተጠቅሜ ቲተር ስመታ እማማ ፌቨን ቆጣ አሉ። "ቀስ በል፣ ይነቃል።"

"ከሥሩ ነው ግን፣ ቅር አይልዎትም?"

"በሕይወቱም ከላይ ሆኖ ነበር የሚናገረኝ። ለምጄዋለሁ።"

ፈቃዴ በሕግ ሊቀደድ አልቻለም፤ ክሱን ያዘጋጀሁት ራሳቸው አጽድቀውት ነው። ስለዚህ አቶ ልሳነወርቅ ወንበሬን ነጠቁኝ። በሠላሳው ቀን ውስጥ እጄ እስኪያብጥ እየፈረምኩ ሦስት ሺህ አራት መቶ ያህል ጥያቄ መለስኩ፤ ይርገዱ ሹራቡን ትታ ቁጥር ስታወጣልኝ ነበር። በሠላሳ አንደኛው ቀን የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊዎች በሙሉ ሥልጠና ገቡ። አንቀጽ ሃያ፣ "ሥልጠና ላይ የሚቆዩበት ጊዜ አይቆጠርም" ይላል። የሥልጠናው ርዕስ "ፈጣን ምላሽ አሰጣጥ" ነው። እስካሁን መግቢያው ላይ ናቸው።

እኔ ምድር ቤት ወደ መዝገብ ቤቱ ተመደብኩ። ወንበር የለኝም፤ ጥግ ላይ ማንንም የማያውቅ፣ ምንም የማይቆጥር የእንጨት ዱካ አለ። አልተቀመጥኩበትም። ቆሜ እሠራለሁ፤ እልህ ነው መሰለኝ።

ሰኔ አሥራ አምስት ጠዋት ስልኩን አነሳሁ። የ8812 ፋይል "ምላሽ ተሰጥቷል" ተብሎ ተዘግቷል፤ ለመደወል ምንም ሕጋዊ ምክንያት የለኝም። ደወልኩ። ጠራ። እንደገና ጠራ። ዘጠኝ ጊዜ ድረስ ቆጠርኩ፤ ከዚያ መቁጠሩን ተውኩት።

"አለሁ" አለ አንድ የሳሳ ድምፅ። "ማሽኑ ፋራ ነው።"

ስልኩን ወደ ሌላኛው ጆሮዬ አዛወርኩ።

"አሁን ደግሞ ምን ቀረህ? ቁጥሬን ወስጃለሁ።"

"ምንም፣ እማማ። እንዲሁ ነው የደወልኩት።"

በስልኩ ውስጥ ያ ሲር የሚለው ትንፋሻቸው ተሰማኝ።

"ቆመህ ነው የምታወራኝ?"

"አዎ።"

"እንግዲያው ቁጭ በልና አጫውተኝ።"

ዱካውን በእግሬ ሳብኩና ተቀመጥኩ።